ሌባው በምእመናን ያስገፋት መኪናዬ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ከአባቴ የወረስኳትን አሮጌ ቮልስዋገን ምእመናን ኡራኤል በር ላይ ሲገፏት አገኘሁ!

መሪውን የጨበጠው የማላውቀው ጎልማሳ ነው። «አባቴ፣ እርስዎም ያግዙን፤ ባትሪ ደክሞብኝ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ባትሪውስ ደህና ነው፤ መኪናዋ ግን የእኔ ናት» አልኩት። በሩን ሳይዘጋ እግሬ አውጪኝ አለ።

ያተረፈኝ የካዛንቺሱ መካኒኬ የገጠመልኝ፣ የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ድብቅ ማጥፊያ ነው። የት እንዳለ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

ሲገፉ የነበሩ አንዲት እናት ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ወይ ጉዴ! እኔ ደግሞ ‹ይቅናህ› ብዬ መርቄው ነበር!» አሉ።

ምርቃታቸው ለዛሬ ስላልደረሰ ተመስገን። እናንተስ ሳታውቁ ሌባ ያገዛችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።