በአሰላ ብርድ ያላበኝ ጊዜ

መጀመሪያ የመጣው ሳሉ ሳይሆን ላቡ ነው። ሐምሌ ነበር። በአሰላ ሐምሌ ሰው ጋቢ ደርቦም ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ግን ጠዋት ስነቃ ካናቴራዬ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር።

ተሾመ እባላለሁ። በወጣትነቴ ከሁሩታ መጥቼ ብየዳ የተማርኩት እዚሁ አሰላ ነው። በዚሁ ሙያ ከባለቤቴ ከጫልቱ ጋር አራት ልጆች አሳድገናል። ዓይኔ ሲደክም የብየዳ ቤቱን ለመጨረሻ ልጃችን ለሰናይት አስረከብኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ ብረት ትወድ ነበር። ዛሬ ሰው «የጋሽ ተሾመ ቤት» ማለቱን ትቶ «ሰናይት ጋ» ይላል፤ ደስ ይለኛል።

ከላቡ በኋላ ደረቅ ሳል መጣ። ዕድሜ ልኬን የማግኩት ጭስ ነው ብዬ ተውኩት። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። ቀኝ ጎኔን ይወጋኝ ጀመር። አንድ ቀን ከግቢው በር እስከ ሳሎን መድረስ አቃተኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ። ሰናይት አየችኝና ባጃጅ ጠራች።

ሆስፒታል ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሟ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ናት።

«አባባ፣ በቀኝ ሳንባዎ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል። አሁን በመርፌ እንቀዳዋለን።»

«ካንሰር ነው?»

«ሳይመረመር አልናገርም።»

ትራስ አቀፍኩ። መርፌው በጀርባዬ ገባ። ጫልቱ እጄን ያዘች። ቢጫ ውሃ ወረደ። ብዙ ነበር። ውሃው ሲቀንስ ትንፋሼ መለስ አለ።

ውሃውና አክታዬ ከተመረመሩ በኋላ ሐኪሟ «ቲቢ ነው» አለችኝ። «የሚድን በሽታ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ስድስት ወር ይወስዳሉ። ቤት ያለው ሁሉ ግን ይመርመር።»

ያኔ ፈራሁ። የሰናይት ልጅ ሶስና ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ከጉያዬ አትጠፋም ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ እህል አልቀመስኩም። ሁሉም ነፃ ሆኑ። ለሶስና መከላከያ መድኃኒት ተሰጣት፤ እኔም ሐኪሟ እስክትፈቅድልኝ ድረስ በመስኮት እያየኋት ለብቻዬ ከረምኩ።

ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን እንደሚያቀላ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። እየበላሁ፣ እየጠነከርኩ ሳለ አንድ ጠዋት ጫልቱ ወደ ብርሃን ወስዳ ዓይኔን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ቢጫ ሆኗል። ተነስ፣ እንሂድ።»

መድኃኒቱ ጉበቴን ጎድቶት ኖሯል። ሐኪሟ አስቆመችው። ጉበቴ ሲያገግም መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ እየሞከረች መለሰችልኝ። «ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ ያሰጋ ነበር» አለችን። ለካ ዓይኔ ቢጫ ከሆነ ቶሎ እንድንመጣ በመጀመሪያው ቀን ነግራን ነበር። እኔ አልሰማሁም፤ ከብረት መቁረጫው ጩኸት የተረፈው ጆሮዬም ደካማ ነው፣ ልቤም «ቲቢ» ላይ ቀርቶ ነበር። ጫልቱ ግን ሰምታ ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ዓይኔን ስታይ ቆይታለች። እኔ በደንብ መተኛቴን የምታይ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና። መጀመሪያ በምርኩዝ እስከ ጎረቤት በር፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ፣ በኋላም ምርኩዜን ትቼ ወደ ብቅል ፋብሪካው አቅጣጫ እየተራመድኩ፣ ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጥኩ፣ ሲደክመኝ ሰናይት ጋ አረፍ ብዬ የበር ቅርፅ ስታወጣ እያየሁ መመለስ ጀመርኩ። መድኃኒቱን ጨርሼ ስመረመር ነፃ ነህ ተባልኩ። አሁን ዳገት ላይ ትንሽ ያለከልከኛል፤ ሌላው ደህና ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟንና መድኃኒቱን በየቀኑ ያስዋጡኝን ነርሶች ያክብርልኝ። ለእናንተ የምለው ይህን ነው፦ ሁለት ሳምንት ላለፈው ሳል ምክንያት አትፈልጉለት፣ ተመርመሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪም ፊትም ብቻችሁን አትቅረቡ። እኔ ከተነገረኝ የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ያዳነኝ ጫልቱ የሰማችው ግማሽ ነው።