መንታዎቹ መቆጣጠሪያዎች

በያጇን የሰፈሩ ሰው «እሳት» ይላታል፤ በእጇም በአፏም ታቃጥላለችና። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ለሮቦቶች ፍልሚያ ውድድር የሠሩት ሮቦት የባላጋራውን ሮቦት ሆድ ዕቃ የሚዘረግፍ ክብ መጋዝ ነበረው። አንዱ የጌም መቆጣጠሪያ ጎማውን ይነዳል፣ ሌላው መጋዙን ያሽከረክራል። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ግን በመልክ ፍጹም አንድ ዓይነት ነበሩ።

«ምልክት እናድርግባቸው እንጂ» ሲላት ወንድሟ፣ «የገዛ እጄ ይጠፋኛል እንዴ?» ብላ ሳቀችበት።

በግማሽ ፍጻሜው የተጋጣሚያቸው ሮቦት መዶሻ የሮቦታቸውን ጎን ጨፈለቀው። በእረፍቱ ወንድሟ ተንበርክኮ የላላውን ጎማ ሊያጠብቅ እጁን ሰደደ።

«እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ንጂው» አላት።

ከጠረጴዛው አንዱን መቆጣጠሪያ አንስታ ተጫነችው። ጎማው ንቅንቅ አላለም፤ መጋዙ ጮኸ። ደሙ ፊቷ ላይ ተረጨ፤ ሁለት ጣቶቹ ወለሉ ላይ ወደቁ።

«እኔን ይድፋኝ!» አለችና መቆጣጠሪያውን ወርውራ እጁን በሻርፗ አሰረች።

ከሆስፒታል ሲመለስ መዶሻ ይዛ ሮቦቱን ስትቀጠቅጥ ደረሰባት። በደህና እጁ ክንዷን ያዘ። «ብረቱ ምን አጠፋ? ይልቅ የመጋዙ መቆጣጠሪያ ላይ የጎማ ቁራጭ ጠምጥሚበት።»

እያለቀሰች የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ቀድዳ አጥብቃ ጠመጠመችበት።

ሮቦቱን ጠግነው በገቡበት በቀጣዩ ውድድር አውራ ጣቷ ያን ሻካራ ጎማ ዳብሶ ሳያረጋግጥ መጋዙን አላስነሳችም። ካስነሳችው በኋላ ግን የተጋጣሚውን ሮቦት እንደ ጨርቅ ተረተረችው። ጨዋታው እንዳለቀ አንድ ተወዳዳሪ የሮቦታቸው ባትሪ ሳይነቀል መጋዙን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ፣ ደረቱን በክርኗ ደልቃ ጣለችው። ይቅርታም አልጠየቀችውም።