ሁለት እፍኝ ብቅል

የለተ ብርሃን ጠላ ቆቦን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ዳር ስም ነበረው። ስሙ የጠፋው በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቶ ከዋጃና ከጎብዬ የመጡ ገበሬዎች መንገዱ ዳር ተኮልኩለው መቀመጥ በጀመሩበት ዓመት።

ሰኞ ዕለት የጭነት መኪና ሾፌሩ ካሳው አንዴ ተጎንጭቶ መሬት ላይ ተፋው።

«ይሄ ምንድነው እትዬ ለተ? አረፋ የለው፣ ምላስ አይነካ። የጋን እጣቢ ነው የምታጠጪኝ?»

«ለእጣቢስ ውሃ ከየት አምጥቼ!»

«ቀልዱን ተይው። ሐሙስ ከአስመራ ስመለስ እንዲህ ከጠበቀኝ ሌላ ቤት ነው የምወርደው። ልጅሽንም ሌላ ሰው ይጫንልሽ።»

ካሳው ከጭነቱ ላይ የሚያሳፍረው የደንበኞቹን ሰው ብቻ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ብርኽቲ ደሴ ካለችው አክስቷ ዘንድ ካልደረሰች ወሩን እንደማትዘልቅ ለተ ብርሃን ከልጅቷ ቁርጭምጭሚት እብጠት አውቃለች። ቤት ውስጥ የቀረው ሁለት እፍኝ የማሽላ ብቅል ነው። ሁለቱንም ጋኑ ውስጥ ልትጨምር ስትል ከቁልቋሉ አጥር ማዶ የጎረቤቷ የመይሙና ድምፅ መጣ።

«ሦስት ልጆቼ እያዩሽ እህል ልትቀብሪ ነው?»

«በማትጠጪው ጋን ምን አገባሽ!»

«አልጠጣም። የማያሰክረውን የእኛን ጠላ፣ ቀሪቦን ግን እጠምቅ ነበር፤ የሚፈላውን ከማይፈላው እለያለሁ። አንቺ በየሰዓቱ ከፍተሽ ታሸቻለሽ፤ በአጥሩ አይሽ የለም እንዴ? ትንፋሹን የጨረስሽው ራስሽ ነሽ። አንድ እፍኝ ጨምሪ፣ አፉን በጭቃ ምረጊ፣ ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። ሌላው እፍኝ የእኔ ነው።»

«ልጆችሽን ልታበዪ ትዋሻለሽ።»

«ልጆቼን ላበላ ነው። ወላሂ ግን አልዋሸሁም።»

ለተ ብርሃን ፊቷ ጋለ። በፍርሃት ስትከፍት መክረሟ እውነት ነበር። አንዱን እፍኝ በጨርቅ ቋጥራ በአጥሩ ላይ ወረወረችው።

«እንኪ! ካልፈላ ቤትሽን በላይሽ ላይ አፈርሰዋለሁ።»

«አፍርሺው። ምን አለበትና!»

የጋኑን አፍ ሳይነኩ ሦስት ቀን መዋል ከጾም ከፋባት። ሁለቴ እጇ ጭቃው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሐሙስ ካሳው ሲመጣ ጭቃውን እፊቱ ሰበረችው። ጋኑ ሽሽ አለ፤ ስትቀዳለት አረፋው ከዋንጫው አፍ አልፎ በጣቶቿ ላይ ወረደ። ካሳው ሦስት ዋንጫ አከታትሎ ጠጣና ከንፈሩን ጠረገ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የምጭነው።»

«አንድ ናት።»

ብርኽቲ ከጨው ጆንያው ላይ ሆና እያለቀሰች ሄደች። መኪናው በሮቢት በኩል እስኪሰወር ለተ ብርሃን ከደጇ አልገባችም።

«ለራስሽ አልለመንሽውም?» አለች መይሙና ከማዶ።

«ሁለት ብዬ ብለምን አንዷንም አይጭንልኝም ነበር። አሁን ከአጥሬ ሂጂልኝ።»

መይሙና አልሄደችም። ለተ ብርሃንም ደግማ አላባረረቻትም።