የማን ልጅ ነሽ?

በደርግ ጊዜ አንዲትን ተማሪ «አላውቃትም» ብዬ አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ውስጥ አስተማሪዎችን፣ ነርሶችንና የቢሮ ሠራተኛ ሴቶችን የሚረዳ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ክረምት ስለ አባሎቻችን መረጃ የሚሰበስቡልን ተማሪዎች ተላኩልንና የምቀበላቸው እኔ ሆንኩ። የከተማው ካድሬም ሊያያቸው መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

ቆሎ አቀረብኩላቸውና፣ በአገራችን እንግዳ እንደሚጠየቀው፣ አንደኛዋን «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

ቆሎውን እፍኟ ውስጥ ማገላበጥ ያዘች።

«ዘሩን መቁጠር የማያውቅ የመንዝ ሰው አለ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«የታደገ ወልደ ጊዮርጊስ» አለች አንገቷን ደፍታ። «የራቤሉ።»

ክው አልኩ።

ካድሬው ብድግ አለ። «የሸፈተው ታደገ? ለካ በሌላ አባት ስም ነው የምትማሪው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዋስ የሚሆናት ዘመድ ካለ ዛሬ አትታሰርም። ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

«አንቺስ፣ እዚህ ከተማ ዘመድ አለሽ?»

«ማንም የለኝም» አለች ልጅቱ።

ይዟት ሲወጣ ነጠላዋን ወንበር ላይ ረስታው ነበርና አቀበልኳት። ጎንበስ ብላ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አክስቴን ሳሚልኝ» አለችኝ።

አክስቷ እናቴ ናት። ታደገ የእናቴ ወንድም መሆኑን ደብቄ ነው የተቀጠርኩት። እኔ ከራቤል በልጅነቴ ስለወጣሁ የልጅቱን መልክ አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን እናቴን ስለምመስል ገና እንዳየችኝ አውቃኛለች፤ የአባቷን ስም የተናገረችውም ዘመዷ ስጠይቃት መዋሸት ስላልሆነላት ይመስለኛል።

ልጅቱ አልተመለሰችም። እናቴም ሰላምታውን ሳልነግራት ሞተች።

እባካችሁ ይቅር በሉኝ።