ዝም ያለው ፍላሽ

የሺዓለም ልብስ እያጠበች ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው አሮጌ ፎቅ፣ እሷና እኔ ከላይ ጎን ለጎን፣ ጎይቶም ደግሞ ከእሷ ሥር እንኖራለን። ጥበብ ያለው ነጭ ልብስ ያለ እሷ እጅ አይነጣም ብለው ከምኒልክ አደባባይ ማዶ ድረስ የሚያመጡላት አሉ። ጣጣው ውሃ ነው። በፈረቃ ይመጣል ይሉናል እንጂ ፈረቃውን ውሃው ራሱም አያውቀው።

ስለዚህ የሺዓለም ውሃን የምትጠብቀው በሽንት ቤቷ ፍላሽ ነበር። ከማጠራቀሚያው ሥር ያለው ጎማ ስላረጀ ውሃ አይይዝም፤ ቧንቧው ሲደርቅ ቀስ እያለ ባዶውን ይቀራል። ውሃ ሲመለስ ታዲያ ባዶው ውስጥ እየተንፎለፎለ ሲገባ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ያኔ ተሯሩጠን በርሜላችንን እንሞላለን። ቧንቧ ከፍታ ብትጠብቅስ? አንዴ ከፍታ ገበያ ወጥታ የጎይቶምን ፍራሽ አጥባለታለች፤ እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

ልጇን ሜላትን ግን ፍላሹ ያሳፍራታል። አንድ እሁድ ከአትክልት ተራ የመጣ ቀይ ስር ቀቅላ ውሃውን ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨመረችና «ማንም እንዳይነካው!» አለች። ጥቂት ቆይቶ፣ ማንም ሳይጫነው፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ።

«አየሽ እማ? ጎማው ነው!»

የውሃውን መዝጊያ ዘግታ አሮጌውን ጎማ አውጥታ በአዲስ ቀየረችው። የምትንሳፈፈውም ኳስ ከመጠን በላይ ከፍ ብላ ውሃው በመሃሉ ቱቦ ይፈስ ነበር፤ ዝቅ አደረገቻት። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ አጨበጨብኩ። የሺዓለም «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አለች።

በዚያው ሳምንት ከምኒልክ አደባባይ ማዶ ያሉት ወይዘሮ ለተክርስቶስ ልጃቸውን ሊድሩ የቤተሰቡን ነጭ ልብስ በሙሉ ላኩላት፤ ሰርጉ እሁድ ነው። ረቡዕ ሁሉንም በሳሙና ነከረችው። የሚለቀለቅበት ውሃ ግን አልነበራትም። ሐሙስ ቧንቧውን ስትከፍት ስትዘጋ ውላ ሸለብ አደረጋት። እኔም የለመድኩት የእሷን ፍላሽ ነውና ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ለካ ውሃው መጥቶ ሄዷል! አዲሱ ጎማ ውሃውን ይዞ፣ ማንም ስላልተጫነውም ማጠራቀሚያው ሙሉ ስለነበር ፍላሹ ትንፍሽ አላለም። ያወቅነው ጎይቶም ከታች «ሞላችሁ አይደል?» ሲለን ነው።

ወይ ጉድ! እኔ በንዴት ጮህኩ። የሺዓለም ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለች። እኚህን ሴትዮ ካጣች ከዚያ ሰፈር ሌላ ደንበኛ አይመጣላትም።

ሜላት ከሥራ ስትገባ ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ውሃውን በድምፁ እንደምትጠብቂ ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለች የሺዓለም። «ከተመረቅሽ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።»

ሜላት ገብታ ፍላሹን ተጫነችው፤ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆነ። አርብ ሥራ ቀርታ ጠበቀች። ከምሳ በኋላ ያ ድምፅ ሲመጣ «እሰይ!» ብላ የጮኸችው እሷ ናት። ሦስታችንም እየተጋፋን ለቀለቅን፤ ቅዳሜ ልብሱ ደርቆ፣ ተተኩሶ ሄደ።

አሁን ሜላት ጠዋት ስትወጣ መጀመሪያ ቧንቧውን ታያለች። ደርቆ ከሆነ ፍላሹን ባዶ አድርጋ ትሄዳለች። ስትቸኩል እናቷን ሳትስም የወጣችበት ቀን አለ፤ ይኼን ሳታደርግ የወጣችበት ቀን ግን የለም።