የአባቴ ክብ

አባቴ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ኩሊ ነበር። አሁን እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ግን አፌን ሞልቼ ተናግሬው አላውቅም። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «መርካቶ ነው» እላለሁ። ሰው ነጋዴ ይመስለዋል። እኔም አላርመው።

የመመረቂያ ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የምታመላልስ ትንሽ ሮቦት ነበረች። ሮቦት ስትታዘዝ ሥራዋ በየሁኔታው ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ክብ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚያሻግራት ምክንያት ደግሞ አንድ ቀስት ይሣላል። ስቴት ማሽን ይሉታል። የእኔ ክቦች አራት ነበሩ፦ መጠበቅ፣ መጫን፣ መሄድ፣ ማራገፍ። ታዲያ መንገድ በተዘጋባት ቁጥር፣ መቆሟ መድረሷ ይመስላትና ጭነቷን እዚያው ዘርግፋ ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አበድኩ።

አንድ እሑድ አባቴ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳለ፣ ካርቶን ላይ የሣልኩትን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እየተነጫነጭኩ ክቦቹን አንድ በአንድ ነገርኩት። ማንበብ አይችልም፤ ቀስቶቹን ግን በጣቱ ተከትሎ ሄደና ራሱን ነቀነቀ።

«ተሸክሞ መቆም የታለ?»

«መቆም መቆም ነው አባባ፣ ምን ልዩነት አለው!»

«አይ ልጄ! ባዶ ትከሻ መቆምና ኩንታል ይዞ መቆም አንድ ነው እንዴ? መኪና መንገዱን ሲዘጋብሽ ማውረድ የለ፣ መሄድ የለ። ወገብ የሚቆርጠው እሱ ነው። ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ የራሱን ክብ ሥሪለት።»

ሠራሁለት። በማግስቱ ወንበር ስጋርጥባት ሮቦቷ ጭነቷን እንደያዘች ቆመች፤ ወንበሩ ሲነሳላት መንገዷን ቀጠለች። ለአባቴ ስነግረው ሳቁ ቤቱን ሞላው።

«እና ለአስተማሪዎችሽ ከእኔ መሆኑን ትነግሪልኛለሽ?» አለኝ፣ የቀለደ መስሎ። አልቀለደም። ዕድሜውን ሙሉ «ዞር በል!» ሲባል የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ስሙ በደህና እንዲነሳ ፈልጎ ነው።

«እንዴታ! ራስህ መጥተህ ትሰማለህ» አልኩት።

ሥራዬን ለመምህራን የማቀርብ ዕለት ኮት ከጎረቤት ተውሶ መጣ። ከኋላ ተቀመጠ። ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንደዚያው ቢቀር ኖሮ ጉዴን አይሰማም ነበር። አንዱ መምህር ግን ሮቦቷን ወዷት ድንገት በአማርኛ «ይቺን አምስተኛዋን ክብ ከየት አመጣሻት? ጎበዝ!» አለኝ። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ያዩኛል። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

«ከመጽሐፍ ነው» አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ፊቱን ማየት ፈርቼ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ቤት ደረስን። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብቻ አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ዛሬ ነገ ስል ታመመ። ሞተ።

ለቅሶው ላይ አብረውት ሲሸከሙ የኖሩ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። «ኩሊ ተሸክሞ ሲቆም የሚሆነውን ፈረንጅ በመጽሐፍ ጽፎታል አሉ» አሉኝ። «አባትሽ ነው የነገረን። ‹ልጄ አንብባ አገኘችው፤ እኔ እንኳ ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም› ይለን ነበር።»



«አይደለም ጋሼ፣ እሱ ነው ያስተማረኝ» አልኳቸው።

የሐዘን ወግ መሰላቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እሱማ ልክ ነሽ፣ አባት አይደል» አሉኝ።