ፋይሉ ውስጥ ያልገባው እርማት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሕይወት ወልድያ ወዳለው ቤቴ መጥታ፣ ኮምፒውተሯን ከምሳ ሰሃኑ አጠገብ ዘርግታ ስትበሳጭ ዋለች። ሥራዋ በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች የማይጨበጡ ኮምፒውተሮችን መፍጠር ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። እነዚህ ምስኪኖች የራሳቸው ሜሞሪ የላቸውም። አንድ ፋይል ይሰጣቸውና እሱን ሜሞሪያቸው አድርገው ይኖራሉ።

"ታዲያ ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ፋይሉን ተጋራ ብዬ ማዘዝ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የጻፈው ለራሱ በያዘው ቅጂ ላይ ነው። ስዘጋው አብሮት ጠፋ። ፋይሉ ግን እንደ ጠዋቱ ቁጭ ብሏል፣ አንዲት ፊደል አልተነካችም።"

ሹሮዬ ቀዘቀዘ። ሕይወት ይህን እንደ አዲስ ጉድ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ይህንኑ ስህተት በደርግ ጊዜ፣ መብራት በሌለበት የላስታ ተራራ ላይ፣ በእስክሪብቶ ሠርቼዋለሁ።

መሬት ላራሹ ከታወጀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከላሊበላ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የደጋ ቀበሌ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ። ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው፤ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። የየሰዉ ማሳ በፋይል ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ መጣ። እስከዚያ ድረስ የቀበሌው ፋይል አያ ደስታው ነበሩ። የማን መሬት ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የድንበሩን ድንጋይ ማን እንደተከለው፣ ሁሉንም በቃላቸው የሚያውቁ ሽማግሌ።

በጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ ሲል፣ ከሸንተረሩ አናት ጀምረን ቁልቁል ወረድን። እሳቸው በዘንጋቸው እያመለከቱ ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ውርጩ ጣቶቼን ስለሚያደነዝዛቸው በየመሀሉ ብብቴ ሥር እከታቸዋለሁ። ሲደክመን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በሶ በቅል በጥብጠን እንጠጣለን። ያን የመሰለ በሶ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ይህን የሚያሰኘኝ የዚያን ጊዜው ረሃቤ ሳይሆን አይቀርም።

"ከምንጯ ስትደርስ በቀኝ ያለው የይመኙሻል ነው" አሉኝ። "በግራ ያለው ጭንጫ የማኅበሩ ሊቀመንበር አማች።"

ጻፍኩ። ቀኝ፣ ግራ። በዚያ አገር መሬት የሚነገረው ውሃ ከሚመነጭበት ወደሚወርድበት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ለመጻፍም አልታየኝም። የከተማው ኮሚቴ ግን፣ የመኪና መንገዱ ከታች ስለሆነ፣ ፋይሉን ይዞ ማሳውን ሊያረጋግጥ ሽቅብ መጣ። የእኔ ቀኝ ግራ ሆነ። ሌሎቹ ጎረቤታሞች ስቀው በየማሳቸው ቀሩ። ምንጭ የሚያጠጣው ማሳ የደረሰው የሊቀመንበሩ አማች ግን ዝም አለ፤ ሊቀመንበሩም አብሮት ዝም አለ። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድገው ይመኙሻል ጭንጫው ላይ ቀረች።

አያ ደስታውና እኔ ላሊበላ ወረድን። ፋይሉን የሚይዘው ጓድ ታደለ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ልብ አውልቅ ነበር። ከፋይል ውጭ አንድ ነገር አያስታውስም። ስሙን ብትጠይቀው እንኳ ፋይል የሚያስመጣ ይመስለኝ ነበር።

"ፋይሉ የይመኙሻል በቀኝ ነው ይላል" አለ።

"ከላይ ስትወርድ ነዋ!" አልኩት።

"ከላይ የሚል የለም።"

አያ ደስታው ተጠጉት። "የኔ ልጅ፣ የተናገርኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"አባባ፣ እኛ የምንይዘው ፋይሉን እንጂ የአንቱን ቃል አይደለም።"

"ኧረ በላሊበላ አምላክ! የእኔን ቃል አይደል እንዴ ፋይል ያደረጋችሁት?"

ታደለ ወደ እኔ ዞረ። ፋይሉን መንካት የሚችለው ኮሚቴው ብቻ ነው። "ለጊዜው አንተ ቅጂህ ላይ አርመህ ያዘው፤ ሲሰበሰቡ ይገባል" አለኝ። ቅጂዬ ሰማያዊ ደብተር ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አረምኩና "ከላይ ወደ ታች" የሚል ጨመርኩበት። ኮሚቴው አልተሰበሰበም። በወሩ ስንመለስ ታደለ "ጉዳያችሁ ምን ነበር?" አለን። በሦስተኛው ጊዜ የአያ ደስታው ጉልበት እምቢ ስላላቸው ብቻዬን ሄድኩ። "ጉዳይህ ምን ነበር?" አለኝ ደግሞ። ደሜ ፈላና ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። የቀለም ጠርሙሱ ተገለበጠ፤ የጠረግሁትም እኔው ነኝ።

በሰኔ ወደ ወገል ጤና ከተማ ተዛወርኩ። ዕቃዬን በቅሎ ላይ ጭኜ ልነሳ ስል ይመኙሻል በካፊያው መጣች። ድንጋይ ስትለቅም የከረመችባቸው እጆቿ ተሰነጣጥቀዋል። ለመንገዴ የገብስ ቂጣ ይዛልኝ ነበር፤ ከየት አምጥታ እንደጋገረችው እግዜር ይወቅ።

"ወንድምዓለም፣ የእኔ ነገር ፋይሉ ውስጥ ገባልኝ?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ታደለ ሰልችቶኛል፣ መንገዱ ሰልችቶኛል፣ የእሷም ጥያቄ ሰልችቶኛል።

"ገብቷል፣ እቴ" አልኳት።

እጄን ይዛ ሳመችው። ደብተሩ በቅሎው ላይ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሸና ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከዚያ ቀበሌ የመጣ ሰው አገኘሁ። አያ ደስታው አርፈዋል። ቅሬታ ያለው ይቅረብ ተብሎ ሲታወጅ ይመኙሻል አልሄደችም አለኝ። ሂጂ ሲሏት "ጸሐፊው ገብቷል ብሎኛል" ብላ ቤቷ ተቀመጠች። ቀኑ አለፈ፤ ጭንጫውም በስሟ ጸደቀ። ያዘዝኩትን ጥብስ ሳልነካው ወጣሁ። ወደ ቀበሌውም አልተመለስኩም፤ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

ቅዳሜ ለት ሳጥኔን ከፍቼ ደብተሩን ለሕይወት አሳየኋት። ቀዩ ቀለም ወይቧል እንጂ ይነበባል።

"አባዬ፣ ይኸው ትክክሉ ተጽፏል እኮ" አለችኝና ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ የጠፋባትን እንደገና ልትሠራ።

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ታደለን ስረግም ኖሬአለሁ። ታደለ ግን አንድም ቀን ገብቷል አላለም። ገብቷል ያልኳት እኔ ነኝ።